ለመስከረሙ ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የእድሩ የለውጥ ሐሳብ፦ እስከ እሁድ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸውላችሁ። ከካዛንቺስ ከተነሣን ወዲህ እንደ ድሮው መሄድ አልተቻለም። ግማሾቻችን ገላን ጉራ ነን፣ ሌሎቻችን ቦሌ አራብሳ፣ የቀረው ዘመድ ቤት ተጠግቷል። አንደኛ፣ መዋጮ በቴሌብር ይሁን። ሁለተኛ፣ የለቅሶ ጥሪ በቴሌግራም ይሁን፣ ጥሩንባ ይቅር። ሦስተኛ፣ ኮሚቴው በየሁለት ዓመቱ ይመረጥ፣ ማንም ከሁለት ዙር በላይ አይቀመጥ። ዋናው ሦስተኛው ነው፣ ዘላችሁት እንዳታልፉ።

ቁጥር 41፦ ቴሌብሩ በማን ስም? በገንዘብ ያዥ የግል ስልክ ከሆነ እኔ አልከፍልም። ያኔ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያኔ የሆነው በእኔ ጊዜ አይደለም። ካርኒው አለ፣ ደብተሩ አለ፣ መጥተሽ እዪ። 14 ዓመት ሙሉ በየወሩ እሁድን ትቼ የሰበሰብኩት ለዚህ ነው?

ቁጥር 112፦ በግል ስም አይሆንም። የእድሩ የባንክ ሒሳብ አለ፣ በሦስት ፊርማ ነው የሚወጣው። ከቴሌብር በቀጥታ እዚያ ማስገባት ይቻላል። ስማርት ስልክ የሌለው *127# ደውሎ ይከፍላል፣ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ በዚያ ነው የምትጠቀመው። የአባላቱን ዝርዝር በኤክሴል እኔ እሠራለሁ። ሐሙስ ይደርሳችኋል።

ቁጥር 7፦ ጥሩንባ ይቅር ያለው ማነው? በዚህ እድር 38 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጥሩንባው ተነፋ። ስሟ ሲጠራ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከየቤቱ ወጣ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ይሄንን ነው በቴሌግራም የምትተኩት?

ቁጥር 58፦ ጋሼ፣ ገላን ጉራ የተነፋ አራብሳ ይሰማል እንዴ? እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ባለፈው ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው የሰማሁት። ቀብር ቀረሽ ተብዬ ግን ቅጣት ከፈልኩ።

ቁጥር 7፦ ለቅጣቱ ጥሩንባው ምን አደረገሽ? ኮሚቴውን ጠይቂ።

ቁጥር 23፦ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጁ ሥራ ቦታ ቁጭ ብሎ የአባቱን ሞት ቴሌግራም ላይ ቢያነብስ? ነውር ነው!

ቁጥር 58፦ መርዶና ጥሪ ለየቅል ናቸው። ቤተሰቡ ሳይረዳ ጥሪ አይለጠፍም ብለን እንጽፋለን፣ አለቀ።

ቁጥር 23፦ መረዳቱን ማን ያረጋግጣል?

ቁጥር 58፦ ዳኛው።

ቁጥር 7፦ ዳኛው መች ስልክ ያነሳና።

ዳኛ፦ አነሳለሁ። በሕዝብ ፊት እንዲህ መባል አይገባኝም። ሌሊት ተደውሎልኝ ያልተነሳሁበት ለቅሶ ካለ ቀኑን ጻፉ።

ቁጥር 90፦ ነፊውን ማንም አላነሳም። ከእድሩ ከሚያገኛት ሌላ ገቢ የለውም። ጥሩንባ ይቅር ማለት እሱን ማባረር ነው። ቤቱም እንደኛው ፈርሶበታል።

ጸሐፊ፦ እሱን አላሰብኩትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አበሉ አይነካም ብዬ አስገባለሁ። ግን እባካችሁ ሦስተኛውን አንብቡት። ሒሳቡን የሚያውቁት እነዚያው ሦስት ሰዎች ከሆኑ፣ ደብተሩ ስልክ ውስጥ ስለገባ ምን ተለወጠ?

ቁጥር 41፦ ሦስተኛው ኮሚቴውን ለመገልበጥ ነው እየተባለ ነው።

ዳኛ፦ እኔም እንደዚያ ነው የገባኝ። የሚተካ ሰው ካለ ቁልፉን ዛሬ አስረክባለሁ። ማነው የሚረከበኝ?

ቁጥር 90፦ እሱ ይቆይና ጥሩንባውን እንጨርስ። ነፊው ነፍቶ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በራሱ ድምፅ ጠርቶ፣ ተቀድቶ ቢላክስ? ስልክ እኛ እንግዛለት።

ቁጥር 7፦ ድምፁ የሱ ከሆነ እስማማለሁ። ልጄ 58፣ ትናንት ቃሌ ከብዶብሽ ከሆነ ይቅርታ። ቅጣቱ አግባብ አልነበረም።

ቁጥር 58፦ ኧረ ምንም አይደል ጋሼ። የአባቴን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ ነዎት።

ቁጥር 23፦ ተቀድቶ ከተላከም በሁለቱም ቦታ ሰፈር ውስጥ ይነፋ። ስልኩ የጠፋበትስ ሰው? ሁለተኛ ጥሩንባ ይገዛ።

ንብረት ክፍል፦ ሁለት ጥሩንባ ከተባለ ሁለት ድንኳን በሉኛ። ድንኳኑን ከገላን ጉራ አራብሳ ለማድረስ ለአይሱዙ የምንከፍለው አንድ ለቅሶ ይሸኛል። ወንበሩም በየጉዞው እየተሰበረ ነው፣ ባለፈው 11 ወንበር እግሩ ወልቆ ተመለሰ።

ቁጥር 41፦ ድንኳን ከተገዛ መዋጮ ይጨመር ልትሉ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ካለው ይበቃል። ከተቀማጩ ግን ግማሹን ይወስዳል።

ጸሐፊ፦ እስካሁን ያለው፦ ሁለተኛ ድንኳንና ሁለተኛ ጥሩንባ ይገዛል። ጥሪው በነፊው ድምፅ ቴሌግራም ላይም ይላካል፣ ቤተሰብ ከተረዳ በኋላ። ቴሌብር ለፈለገ ሰው ብቻ፣ ወደ ባንክ ሒሳቡ። ምርጫው በይደር ይቆይ ያላችሁት 9 ናችሁ፣ እኔ አልተስማማሁም፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ። 112፣ ዝርዝሩ የት ደረሰ? ሐሙስ ካለፈ ሰነበተ። የጥሩንባ ዋጋ መርካቶ ሄዶ የሚያይ ሰው ይፈለጋል።

ቁጥር 7፦ እኔ እሄዳለሁ። ነፊውን ይዤው ነው የምሄደው፣ ነፍቶ ይምረጥ።

ጸሐፊ፦ 112?