ጥቆማ፦ የጓሮ ዋልነትና ብናኝ ሰጪ አጋሩን ስንመርጥ

የዋልነት ዛፍ በጓሯቸው ተክለው ፍሬ ለመልቀም የሚፈልጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የትኛው ዝርያ ትልቅና ጣፋጭ ፍሬ እንደሚሰጥ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደም ያለበት አይመስለኝም። ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው ዛፉ መቼ ቅጠልና አበባ እንደሚያወጣ፣ ብናኙን (ሴቴዋ አበባ ፍሬ እንድትይዝ የሚያደርገውን የወንዴ አበባ ዱቄት) በሚበትንበት ሰሞን ሴቴ አበባው ተከፍቶ ይጠብቀው እንደሆነ፣ የማይጠብቀው ከሆነ ደግሞ በአቅራቢያው ብናኝ የሚሰጠው የትኛው ሌላ ዛፍ እንደሆነ ነው። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ጥቆማዎች የሚመለከቱት ለምግብ በስፋት የሚለማውንና የፋርስ ወይም የእንግሊዝ ዋልነት የሚባለውን ዓይነት ነው።

አንድ የዋልነት ዛፍ ወንዴና ሴቴ አበቦችን ለየብቻ ያወጣል። ወንዴዎቹ ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጅራት ተንጠልጥለው የሚታዩት አረንጓዴ ዘለላዎች ሲሆኑ፣ ሴቴዎቹ በዚያው ዓመት በበቀለው ለጋ ቀንበጥ ጫፍ ላይ የሚወጡ፣ ልብ ብሎ ላላያቸው ሰው አበባ የማይመስሉ ትናንሽ እንቡጦች ናቸው። አንዱ ወንዴ ዘለላ ብቻውን ከ1 ሚሊዮን በላይ ብናኝ ሊበትን ይችላል፤ የሚያጓጉዘውም ነፋስ ነው። ንቦች አልፎ አልፎ ብናኙን ሲለቅሙ ቢታዩም ሴቴዋ አበባ የሚስባቸው ነገር ስለሌላት አይጎበኟትም፤ ስለዚህ ለዋልነት ምርት ሲባል የንብ ቀፎ የሚከራይ ሰው ትርፉ ማር ብቻ ይሆናል። ዛፉ በራሱ ብናኝ ፍሬ ለመያዝ የሚከለክለው ተፈጥሯዊ እንቅፋት የለበትም። ችግሩ ያለው በጊዜው ላይ ነው፤ አብዛኞቹ የታወቁ ዝርያዎች ወንዴውን ያስቀድማሉ፣ ጥቂቶች ደግሞ ሴቴውን ያስቀድማሉ፣ በመሆኑም በአንዱ ዛፍ ላይ ሁለቱ የሚገናኙት ለጥቂት ቀናት ነው፤ በአንዳንድ ዓመት ጨርሶ ላይገናኙም ይችላሉ።

ወደ ዝርያዎቹ ስንመጣ፣ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ቻንድለር ነው። በ1979 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ይህ ዝርያ ከቅርንጫፉ ጫፍ በተጨማሪ በጎን ባሉት እንቡጦችም ላይ ስለሚያፈራ ቶሎና በብዛት ይሰጣል፤ ውስጠኛው ፍሬም ነጣ ያለና ሳይሰባበር የሚወጣ ነው። ይሁን እንጂ ወንዴውን የሚያስቀድም በመሆኑ ሴቴ አበቦቹ በሚከፈቱበት ሰሞን ገና ብናኝ በመበተን ላይ ያለ ሌላ ዛፍ ቢያገኝ ይመረጣል፤ ለዚህም የቆየው ምርጫ ከእሱ ዘግይቶ የሚያብበው ፍራንኬት ነው። ፍራንኬት የቆየ የፈረንሳይ ዝርያ ሲሆን፣ ከማዬትና ከፓሪዚየን ጋር በ1938 የአመጣጥ ስያሜ ጥበቃ ላገኘው የግረኖብል ዋልነት የተፈቀደ ነው። ጣዕሙን ከቻንድለር አስበልጠዋለሁ፤ ነገር ግን የሚያፈራው በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ በመሆኑ ምርቱ አነስተኛ ነው፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። የሁለቱን ጠባይ በአንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው እኔ የምጠቁመው ፌርኖርን ነው፤ ፍራንኬትና ላራ ከተባሉት ዝርያዎች በፈረንሳይ የተዳቀለ ሲሆን፣ ከፍራንኬት ዘግይቶ ቅጠል የማውጣትን፣ ከላራ ደግሞ በጎን እንቡጦች ላይ የማፍራትን ጠባይ ወርሷል። ከእነዚሁ ወላጆች የተገኘው ፌርኔት ብናኝ ሰጪ አጋሩ ሆኖ ይተከላል። ለሁለት ዛፎች የሚበቃ ቦታና የፀደይ ውርጭ የሚያሰጋው መሬት ያለው ሰው ከዚህ ጥንድ የተሻለ ያገኛል ብዬ አላስብም።

ብሮድቪውና ባካኒር ሌሎች በጥንድ የሚሸጡ ዝርያዎች ናቸው። ብሮድቪው በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተመረጠ ሲሆን፣ በለጋ ዕድሜው ማፍራት ስለሚጀምርና ብዙ ስለማይገዝፍ ለጓሮ ይመቻል፤ ብዙ ሻጮችም ያለ አጋር ያፈራል ብለው ያቀርቡታል። በተወሰነ ደረጃ እውነት ነው፤ ሆኖም ብናኝ በብዛት የሚበትነው ባካኒር አጠገቡ ሲኖር የሚይዘው ፍሬ ይጨምራል። ዝናባማ ፀደይ ባለበት አካባቢ ግን ብሮድቪው በባክቴሪያ የሚመጣው የዋልነት አጥቁር በሽታ ስለሚያጠቃው አላበረታታም። ፔይንና ሰርን የመሳሰሉት ቀድመው ቅጠል የሚያወጡ ዝርያዎች ውርጭ ለማያሰጋው አካባቢ ብቻ የሚሆኑ ናቸው። ለጋው ቀንበጥና አበባው ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ሲደርስ ይቃጠላልና አንድ የውርጭ ሌሊት የዓመቱን ፍሬ ሊወስድ ይችላል። በተቃራኒው የብርዱ ወቅት ለብ ያለ በሆነበት ቦታ እንደ ፍራንኬት ያሉት ዘግይተው የሚነቁ ዝርያዎች የሚያስፈልጋቸውን ብርድ ስለማያገኙ ቅጠላቸው ተዘበራርቆ ይወጣል፣ አበባቸውም ይሳሳል። ዋልነት ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት የብርድ ወቅት በሌለው ስፍራ ግን የትኛውም ዝርያ አይመከርም።

ቦታው የሚበቃው ለአንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ከመግዛት በፊት ከአጥሩ ባሻገር መመልከት ይበጃል። በነፋሱ አቅጣጫ እስከ 60 ወይም 80 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ በተመሳሳይ ሰሞን የሚያብብ የጎረቤት ዋልነት ካለ ለጓሮ ያህል ይበቃል። ከሌለ ግን ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው አገልግሎት የሰለጠነ አዳቃይ አስመጥቶ ከብናኝ ሰጪ ዝርያ የተወሰደ ቅንጥብ በዛፉ ከፍተኛ ቅርንጫፍ ላይ፣ ነፋሱ በሚነሳበት በኩል ማስቀጠል ነው። ቅርንጫፉ በኋላ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ እንዳይቆረጥ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። በእጅ ብናኝ ማድረስም ይቻላል፤ ሊበትኑ የደረሱ ዘለላዎችን ከሌላ ዛፍ ለቅሞ ነፋስ በማይገባበት ደረቅ ክፍል ወረቀት ላይ ማዋል፣ የወረደውን ብናኝ አንጠርጥሮ በለስላሳ ብሩሽ ማዳረስ ነው። ይህ የሚሠራው ሴቴዋ አበባ አናት ላይ ያሉት ሁለት ላባ መሰል ክፍሎች እንደ ሹካ ተከፍተው ሲታዩ ብቻ ነው፤ ገና ተጣብቀው ሳሉ ወይም ጫፋቸው ቡናማ ከሆነ በኋላ ድካሙ ከንቱ ነው። ዛፉ ሲያድግ መሰላል የሚጠይቅ ሥራ ስለሚሆን ለወጣት ዛፍ እንጂ ለዘለቄታው አልመክረውም።

ዛፋቸው አድጎ ፍሬ ስላላየ አጋር መግዛት የፈለጉ ሰዎች መጀመሪያ የረገፈውን ይመልከቱ። ብናኝ ያላገኘ ሴቴ አበባ ትንሽ አብጦ፣ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ተጠግቶ፣ ከተከፈተ ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ይወድቃል፤ እንዲህ ከሆነ በእርግጥ አጋር ያስፈልገዋል። ነገር ግን በ2 ሳምንት ውስጥ፣ ገና በጣም ትንሽ ሳለ ከረገፈ ምክንያቱ ተቃራኒው፣ ማለትም ብናኝ መብዛቱ ሊሆን ይችላል። ሰር የተባለው ዝርያ በዚህ ጠባዩ ይታወቃል፤ ብናኝ ሲደራረብበት አበባውን ይጥላል፣ እንዲህ ላለው ዛፍ ሁለተኛ ዛፍ መትከል ማባባስ ነው። አበባ ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ጉዳዩ ዕድሜ፣ ውርጭ ወይም ፍሬ ተሸካሚ ጫፎችን የሚቆርጥ ቅርንጫፍ ገራዥ ነው። በአንድ ፀደይ ዘለላዎቹ የተበተኑበትንና ሴቴዎቹ የተከፈቱበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ከየትኛውም የሻጭ ምክር የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

የችግኝ አቅራቢዎችን ሳወዳድር መመዘኛዬ አንድ ነው፤ የዝርያውን ስም፣ ሥር የሰጠውን ግንድ (ዝርያው የተቀጠለበትን የታችኛውን ክፍል) ዓይነትና የአበባውን ቅደም ተከተል በጽሑፍ የሚሰጥ አቅራቢ ይመረጣል። ዋልነትን ማዳቀል፣ ማለትም የዝርያውን ቅንጥብ በሌላ ሥር ላይ ማስቀጠል፣ ከአፕል እጅግ ይከብዳል፤ የተጣመረው ቦታ እንዲገጥም ወደ 27 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ለሳምንታት ይፈልጋልና የተዳቀለ ችግኝ ውድ መሆኑ አያስገርምም። በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬ የበቀለ ነው። ከፍሬ የበቀለው የእናቱን ጠባይ በትክክል አይወርስም፣ ለማፍራትም 8፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ የተዳቀለው በአንጻሩ በ3 ወይም በ5 ዓመት ውስጥ ፍሬ ያሳያል። ለጥላ ብቻ የሚፈልገው ሰው ከፍሬ የበቀለውን ቢወስድ አልቃወምም፤ ለፍሬና በተለይ ለታወቀ ብናኝ ሰጪነት ግን አይሆንም፣ መቼ እንደሚያብብ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። በተለመደ ሁኔታ የፋርስ ዋልነት ሥር ይበቃል። ፓራዶክስ የሚባለው፣ ከካሊፎርኒያ ጥቁር ዋልነትና ከፋርስ ዋልነት የተዳቀለው ሥር ሰጪ ደካማ አፈርን ይቋቋማል፣ ዛፉንም በፍጥነት ያሳድገዋል፤ ነገር ግን የቼሪ ቅጠል የሚጠቀልል ቫይረስ ባለበት አካባቢ በመጋጠሚያው ላይ ጥቁር መስመር አውጥቶ ዛፉን ቀስ በቀስ ይገድለዋል።

ሥሩ ተራቁቶ የሚሸጥ ችግኝ ዛፉ ባረፈበት ወቅት ብቻ የሚገኝ ቢሆንም እኔ ከማሰሮው አስበልጠዋለሁ፤ የዋልነት ዋና ሥር ወደ ታች ጠልቆ የሚወርድ ስለሆነ በማሰሮ የቆየ ችግኝ ሥሩ ተጠማዝዞ ሊገኝ ይችላል። በማሰሮ ያለውን የሚገዛ ሰው ሻጩ ችግኙን አውጥቶ ሥሩን እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ሌላ ቦታ መሄድ ነው።

ከመትከል በፊት የአፈር ምርመራ አገልግሎት መጠቀም ተገቢ ነው። የሚፈለገው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል የሚጠልቅ፣ ውኃ የማይቋጥርና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 7 ነጥብ 5 የሚደርስ አፈር ነው። ውኃ በሚቋጥር ሸክላ ላይ ሥሩ በሰበሰ ማለት ዝርያውም አጋሩም ምንም አይፈይዱም፤ ከማዳበሪያ ይልቅ ገንዘቡን የውኃ መውረጃ ላይ ማዋል ይበልጣል። ርቀቱን በተመለከተ ለትልልቅ ዝርያዎች ከ10 ሜትር በታች መሆን የለበትም፤ ዛፉም ሆነ ቅጠሉና ልጣጩ ጁግሎን የተባለ ንጥረ ነገር ስላላቸው ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያን የመሰሉ ተክሎች በአጠገቡ ይጠወልጋሉ። ጉዳቱ በጥቁር ዋልነት ላይ ይበረታል፣ በፋርስ ዋልነት ግን ይቀንሳል፤ ሆኖም የአትክልት መደብን ከሥሩ ማራቅ ይመረጣል፣ ያልበሰበሰ ቅጠሉንም በብስባሽ ላይ ወዲያው አለማፍሰስ ነው።

ቅርንጫፍ ገራዥ የሚቀጠር ከሆነ በብርዱ ወቅት መጨረሻ ልምጣ የሚለውን አይቀበሉ። ዋልነት በዚያን ጊዜ ሲቆረጥ ጭማቂው ከቁስሉ ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ ሥራው የሚከናወነው ቅጠሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ባለው ሞቃት ወቅት ወይም በመጸው (ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት) መጀመሪያ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ መቁረጥም ስህተት ነው፤ በጫፍ ላይ ለሚያፈሩ ዝርያዎች ይህ ማለት ምርቱን አብሮ መቁረጥ ነው።

አጥቁር በሽታን ለመከላከል የሚሸጡትን የመዳብ ውሕዶች በሚመለከት ውጤታማ የሚሆኑት ቅጠል መውጣት ሲጀምር ተረጭተው ዝናብ በቀጠለ ቁጥር ሲደገሙ ነው፤ በሽታው ከያዘ በኋላ አይፈውሱም። ችግሩ ያደገውን ዛፍ በእጅ መርጫ ማዳረስ አለመቻሉ ነው፤ ለዚህ ነው ዘግይቶ የሚነቃ ዝርያን መምረጥ ከመድኃኒቱ ይበልጣል የምለው፤ የፀደይን ዝናብ አብዛኛውን ያመልጠዋልና። የልጣጭ ዝንብን (እጩ በአረንጓዴው ልጣጭ ውስጥ የሚያድገውን ተባይ) ለመቆጣጠር ቢጫ ማጣበቂያ ወጥመድ ጥሩ መከታተያ ነው፤ ብቻውን ግን አይገድበውም፣ የረገፈውን ፍሬ በየቀኑ መልቀም ያስፈልጋል።

የማድረቂያ መሣሪያ መግዛት የሚያዋጣው ከአንድ ዛፍ በላይ ላለው ነው። አረንጓዴው ልጣጭ ሲሰነጠቅ ፍሬው ይለቀማል፣ ልጣጩ በጓንት ይነሳል፣ ታጥቦም ነፋስ በሚዘዋወርበት ወንፊት ላይ ይሰጣል። መሣሪያ ለሚጠቀም ሰው ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዘይቱ ይበላሻል። የሚፈለገው የእርጥበት መጠን 8 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ያለ መለኪያ ለማወቅ አንዱን ሰብሮ በሁለቱ ክፋዮች መካከል ያለውን ስስ ግድግዳ በጣት መጫን ነው፤ ከታጠፈ ገና ነው፣ ቷ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከዚያ በኋላ ሳይፈለፈል በቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት ይቻላል፤ የተፈለፈለው ግን አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት አለበት።