ፎቶሾፕ ሴቭ አላደርግም አለኝ፣ ባነሩ ነገ ጠዋት ይታተማል! ድረሱልኝ

የታናሿ_ወንድም (ማታ 3:10)
ሰላም ቤተሰብ፣ ጊዜ ስለሌለኝ ቀጥታ ልግባ። የእህቴን የምርቃት ባነር እየሠራሁ ነበር። አሁን ሴቭ ስለው "ስክራች ዲስክ ሞልቷል" ይለኛል። ሴቭ አዝ ብለውም ያው ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ የሠራሁት ነው፣ አንዴም ሴቭ አላደረግኩም። አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ማተሚያ ቤት ማድረስ አለብኝ። መብራቱ ደግሞ ሰፈራችን… ተዉት፣ ስሙን ከጠራሁት ይሄዳል።

ስክሪኑን በስልኬ አንስቼ ለጥፌዋለሁ። ካልከፈተላችሁ፣ እህቴ በጥቁር ጋዋን በግራ በኩል ናት፣ አባቴ በግራጫ ሱፍ በቀኝ በኩል ቆሟል፣ ጀርባው የግቢው በር ነው። አባታችን ካረፈ 6 ዓመቱ ነው። እናቴ "ከጎኗ አቁምልኝ" ብላኝ ነው። በነካ እጃችሁ ሥራውንም ተቹልኝ፣ የሆነ ነገር ይቆረቁረኛል ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም። ግን መጀመሪያ ሴቭ!!

ድንገቴ (3:12)
ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው። እኔ ጋ እንደዛ ሲል ሪስታርት ሳደርገው ለቀቀ።

ላየር_በላየር (3:13)
ኧረ እንዳትነካው!! ሴቭ ያላደረገ ሰው ሪስታርት አድርግ ይባላል እንዴ?

ስማኝ ወንድሜ። ፎቶሾፑን አትዝጋ። ስክራች ዲስክ ማለት ራም ሲያልቅበት ሥራውን የሚያፈስበት የሃርድ ዲስክ ቦታ ነው። አንተ ካልቀየርክለት ዊንዶውስ ያለበትን ሲ ድራይቭ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ፎቶሾፑ እንደተከፈተ ሲ ላይ ያሉ ፊልሞችህን ወደ ሌላ ድራይቭ ወይም ፍላሽ አሽሽ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርግ። ከዚያ ኤዲት ውስጥ ገብተህ ፐርጅ የሚለውን ክፈትና ሂስትሪውን አጥፋ። ወደኋላ መመለስ አትችልም፣ ግን ቦታ ይለቅልሃል። ከዛ ሞክር።

ደግሞ ምንም አልነገርከንም እኮ። ራምህ ስንት ነው? ሲ ላይ ስንት ቀረህ? ባነሩ ስንት ሜትር ነው?

ሳቅ_በሳቅ (3:15)
ይቅርታ አድርግልኝና ሱፉ የማን ነው? አንገቱና ትከሻው ገና አልተዋወቁም።

የታናሿ_ወንድም (3:19)
ሱፉ የአጎቴ ነው። የአባቴ ያለን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፣ እሱም ጥቁርና ነጭ፣ እኔ ነኝ ቀለም የቀባሁት። ራም 8። ሲ ላይ 4 ጊጋ ቀርቶኛል። ባነሩ 2 በ3 ሜትር ነው፣ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አድርጌዋለሁ፣ ጥራቱ እንዳይጎድል ብዬ።

ድንገቴ (3:20)
ሲ ድራይቭን አጽዳ።

ላየር_በላየር (3:20)
እኔ ያልኩትን ነው እኮ የደገምከው 😅

ባነር_ቤት (3:24)
እዚህ ጋ ቁም። በሽታው ተገኝቷል።

እኔ ባነር በማተም ነው የምኖረው፣ በየሳምንቱ አንድ እንደ አንተ ያለ ደንበኛ አላጣም። 3 ሜትር በ300 ዲፒአይ 35,433 ፒክስል ነው። 2 ሜትሩ 23,622። ተባዝቶ አንድ ሙሉ ላየር (አንዱ የሥዕሉ ንጣፍ) ብቻ 2.5 ጊጋ ይበላል። አንተ ስንት ላየር እንዳለህ እግዜር ይወቅ። 8 ጊጋ ራም ላይ ይህን መጫን አህያ ላይ ኮንቴይነር መጫን ነው።

ሌላም አለ። ፒኤስዲ፣ የተለመደው የፎቶሾፕ ፋይል ዓይነት፣ በአንድ ጎን ከ30,000 ፒክስል በላይ አይቀበልም። ዲስክህ ባዶ ሜዳ ቢሆን እንኳ በፒኤስዲ ሴቭ አያደርግልህም። ሴቭ አዝ ውስጥ ላርጅ ዶክመንት ፎርማት የሚለውን ምረጥ፣ ፒኤስቢ ማለት ነው፣ እሱ እስከ 300,000 ፒክስል ይሸከማል። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ እህታችን እንዳለችው ቦታ አስለቅቅ፣ ቢያንስ 30 ጊጋ። ከዛ ፐርጅ፣ ከዛ ፒኤስቢ። እሱ ከዳነ በኋላ በሌላ ስም ኮፒ አድርገህ ኢሜጅ ሳይዝ ላይ 72 አድርገው። 8,504 በ5,669 ይሆናል፣ ላየሩም ወደ 145 ሜጋ ይወርዳል። ባነርን ሰው ከሩቅ ነው የሚያየው፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አያነበውም። 100 ካደረግከው ቅንጦት ነው።

ወደ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቀለም አሠራር) ቀይር አትቀይር የሚለውን ደግሞ የራስህን ማተሚያ ቤት ጠይቅ፣ ሁሉም የየራሱ አሠራር አለው።

ጋሽ_ኔጋቲቭ (3:31)
ልጆች፣ እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ብናገር ታገሡኝ። ይህ የእናንተ ፎቶሾፕ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። የአንዱን ራስ ቆርጦ የሌላው ገላ ላይ መቀጠል ግን ከሱ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ያ የታወቀው የአብርሃም ሊንከን ቁም ምስል ገላው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የጆን ካልሁን ነው። ባርነት ይቀጥል ብሎ ሲሟገት የኖረ ሰው! ባርነትን ያስቀረውን ሰው ራስ በባርነት ጠበቃ ትከሻ ላይ ተከሉት፣ ሕዝቡም ግድግዳው ላይ ሰቀለው። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ ለሽፋኑ እንዲመቸው ብሎ የግብፅን ፒራሚዶች በኮምፒውተር አቀራረባቸው፣ ስንት ወቀሳ ወረደበት። እኛ በጊዜያችን ኔጋቲቩ ላይ በሹል እርሳስ ነበር የሰው ፊት የምናለሰልሰው። ጥቁርና ነጩን በቀጭን ብሩሽ ቀለም እንቀባ ነበር፣ የሙሽራ ከንፈር አንድ ጠብታ ቀይ ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ ሁለት ካደረግክ ሙሽራዋ ሳትሆን ሌላ ሰው ትሆናለች። እና ጉርዱን በስልክ ያነሳኸው ከሆነ ተሳስተሃል። ስካን አድርገው። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ጉርድ በ1200 ዲፒአይ ሲሰካን 1,417 በ1,890 ፒክስል ይሰጥሃል። 300ው የሚያስፈልገው እዚያ ጋ እንኳ አይደለም፣ 1200 ነው። የዛሬ ልጅ ግን ስካነር የሚባል ነገር ያለ አይመስለውም…

ሳቅ_በሳቅ (3:33)
ጋሼ፣ ከሊንከን ተነስተው ስካነር ጋ እስኪደርሱ መብራቱ ሊሄድ ነበር 😂

የታናሿ_ወንድም (3:36)
አመሰግናለሁ ጋሼ። ጉርዱ አክስቴ ጋ አዳማ ነው። አንስታ በቴሌግራም ነው የላከችልኝ። ፊልሞቹን እያዛወርኩ ነው።

ላየር_በላየር (3:38)
በቴሌግራም እንደ ፎቶ ነው የላከችው ወይስ እንደ ፋይል? እንደ ፎቶ ከሆነ ቴሌግራም ጨምቆታል። እንደ ፋይል ደግማ ትላክልህ። ፎቶውን ከፕላስቲኩ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ታስተኛው፣ ፍላሽ ታጥፋ፣ ስልኩን ሳታዘነብል ከላይ ቀጥ አድርጋ ታንሳው። ያለ ስካነር ከዚህ የተሻለ የለም።

ጥላ_አይዋሽም (3:45)
ሁላችሁም ሴቭ ሴቭ ትላላችሁ። ትችት ጠይቋል አይደል? እኔ ልንገረው። ወንድሜ፣ ይህ ሥራ ሴቭ ቢደረግም ባይደረግም ችግር አለበት።

የእህትህን አፍንጫ ሥር እይ። ጥላው ወደ ቀኝ ወድቋል፣ ፀሐይ ከግራ አናቷ ላይ ናት። አባትህ ፊት ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ የፎቶ ቤት ፍላሽ ፊት ለፊት ነው የመታቸው። የአጎትህ ሱፍ ላይ ደግሞ ብርሃኑ ከቀኝ ነው። አንድ ባነር ላይ ሦስት ፀሐይ። እግራቸው ሥርም ጥላ ስለሌለ ከመሬት አንድ ስንዝር ተንሳፍፈዋል። ፀጉራቸው ዙሪያ ነጭ ክር አለ፣ እሱ ቀላል ነው፣ ላየር ሜኑ ውስጥ ማቲንግ፣ ዲፍሪንጅ፣ 1 ወይም 2 ፒክስል። ለእግራቸው ጥላ አዲስ ላየር ከሥራቸው ክፈት፣ መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጠቁር) አድርገው፣ በለስላሳ ብሩሽ ቀባ። ጥቁር እንዳትጠቀም፣ ቀለሙን ከእህትህ ጥላ ላይ ቅዳ። ጫማው መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ጠቆር፣ እየራቀ ሲሄድ ሳሳ።

ፊታቸውን ደግሞ በኤአይ አጥርተኸዋል አይደል? አትዋሸኝ። የ60 ዓመት ሰው ግንባር እንደ ሳህን አይንጸባረቅም።

የታናሿ_ወንድም (3:47)
አዎ አጥርቼዋለሁ 🙈 ደብዛዛ ስለነበር ነው።

ድንገቴ (3:49)
ብርሃኑ ከቀኝ ከሆነ ፍሊፕ ሆሪዞንታል አድርገው፣ ግራና ቀኙን ገልብጠው፣ አለቀ። ይሄ ሁሉ ፍልስፍና ምን ያደርጋል።

ሳቅ_በሳቅ (3:52)
ሱፉን ፍሊፕ ካደረገው የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ቁልፉም የሴት ኮት ይሆናል። አባትየው ከሞቱ በኋላ የሚስታቸውን ኮት ለበሱ ይባልልህ?

ከምትቸገር አንተ ራስህ ሱፍ ልበስና ቁም፣ ራስህን ቆርጠን እንጥልልሃለን 😂

ጥላ_አይዋሽም (3:55)
ቀልድ አይደለም! ዛሬ ማታ እዚህ ከተባለው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ልጃቸው ነህ፣ ቁመናህ ከአጎትህ ይልቅ አባትህን ይመስላል። ቤት ውስጥ አንድ አምፖል ከሚያነሳህ ሰው በስተግራ ከፍ አድርገህ ስቀል፣ ሌላውን አጥፋ፣ እናትህ ያንሱህ። ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ከእህትህ ጋር ይገጥማል። የአምፖሉን ቢጫነት በከለር ባላንስ ታወጣዋለህ።

ላየር_በላየር (3:57)
ሱፍ አይልበስ፣ ጋቢ ይልበስ። ጋቢው አንገት ድረስ ስለሚመጣ መጋጠሚያውን ይሸፍንለታል። ከአንገትና ከኮሌታ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ከመታገል ይገላግለዋል። ለምርቃትም ያምራል።

ጋሽ_ኔጋቲቭ (3:58)
ይህች ልጅ ታውቃለች።

የታናሿ_ወንድም (4:26)
ሴቭ አደረገ!!! በፒኤስቢ! 22 ደቂቃ ፈጀ፣ እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር። ባነር_ቤት እግዜር ይስጥልኝ፣ ላየር_በላየር አንቺንም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ባሩ እስኪሞላ ብዬ በስልኬ ላይ በሌላ አፕ የአባቴን ፊት ፍሊፕ አድርጌ እየሞከርኩ ነበር (ድንገቴ፣ ያንተ ሥራ ነው)። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማ አየችው። ብዙ ዝም አለች። ከዛ "ይሄ ደግሞ ማነው?" አለችኝ። ማርያም የሳመችው ምልክት ግራ ጉንጩ ላይ ነበር ለካ፣ እኔ ቀኝ አድርጌዋለሁ። ፀጉሩንም በተቃራኒው ነው ያበጠርኩት። ኤአይ ያጠራውን ሳሳያት ደግሞ ምልክቱ ጭራሽ የለም።

ጥላ_አይዋሽም (4:29)
ሱፍ ፍሊፕ ይደረጋል፣ ኪሱን ካስተካከልክ። ፊት ፍሊፕ አይደረግም። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰው ያውቁታል። የኤአዩን ፊት ጣለው፣ ደብዛዛውን መልሰው። ይልቅ መጨረሻ ላይ ከሁሉም በላይ አንድ ላየር ከፍተህ ትንሽ ኖይዝ (ጥቃቅን ነጠብጣብ) በእህትህም በአባትህም ላይ በትን፣ ያኔ የሁለቱ ፎቶ ጥራት ይቀራረባል።

እኔን ብትሰማኝ ግን ከጎኗ ባታቆማቸው እመርጣለሁ። ጉርዱን ፍሬም ውስጥ አድርገህ እህትህ ደረቷ ላይ ይዛው ትቁም። ፎቶ መሆኑ ከታወቀ ጥቁርና ነጭነቱም፣ ብርሃኑም፣ ድብዛዜውም ማንንም አይረብሽም። ውሸትም የለበትም።

ባነር_ቤት (4:31)
እስማማለሁ። ፊቱ ያን ያህል ትንሽ ከሆነ ባነሩ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር አድርገህ ስትስበው ይፈነዳል። ፍሬም ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ያምራል።

ጋሽ_ኔጋቲቭ (4:34)
እኔ አልስማማም። እናትየው ምን አሉ? ከጎኗ ይቁም አሉ። ለእህቱ ለቅሶ አይደለም የሚሠራው፣ ለምርቃቷ ነው። ፍሬም ይዛ ከቆመች የሐዘን ቤት ፎቶ ይሆናል። እኛ ለስንቱ ነው እንዲህ የሠራነው፣ ባሏ ሩቅ አገር የሄደባት፣ ልጁ የሞተበት። ደንበኛው ውሸት መሆኑን ያውቃል እኮ። አውቆ ነው የሚከፍለው።

ጥላ_አይዋሽም (4:36)
ጋሼ፣ ከርስዎ ጋር አልከራከርም። ግን ያኔ የርስዎ ፎቶ መጠኑ ስንት ነበር? ይሄ 3 ሜትር ነው።

ጋሽ_ኔጋቲቭ (4:37)
ቦስታ ካርድ። እሱስ ልክ ነህ።

የታናሿ_ወንድም (4:44)
እናቴን ጠየቅኳት። "ፍሬሙ ሳሎን ግድግዳው ላይ አለልህ፣ እኔ ከጎኗ ነው ያልኩህ" አለች። ስለዚህ ጋቢ። አምፖሉን ከመጋረጃው ብረት ላይ አስሬዋለሁ። እናቴ ናት የምታነሳኝ፣ እስካሁን ሦስቴ የራሷን አገጭ አንስታለች። አክስቴም እንደ ፋይል ልካልኛለች፣ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 72 አድርጌው ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይሮጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለጥፌ አሳያችኋለሁ፣ እንዳትተኙ።

ላየር_በላየር (4:46)
እየጠበቅን ነው። ስትጨርስ ከሁሉም በላይ ጥቁርና ነጭ አድጀስትመንት ላየር አድርገህ እየው። ቀለሙ ሲጠፋ ማን ከማን እንደጠቆረ ወዲያው ታያለህ። ከዛ አጥፋው። በየአምስት ደቂቃው ደግሞ ሴቭ!

ሳቅ_በሳቅ (6:20)
ተኛን እንዴ?

ላየር_በላየር (በማግስቱ፣ ጠዋት 3:05)
ባነሩ ወጣ? ሌሊቱን ኔትዎርክ ላይ ላየው ስሞክር ነበር።

ባነር_ቤት (በማግስቱ፣ ቀን 7:15)
እኛ ጋ አልመጣም። ዛሬ 4 የምርቃት ባነር አትመናል፣ አንዱም ላይ ጋቢ የለበሰ አባት አልነበረም።

ድንገቴ (በማግስቱ፣ ቀን 7:40)
ሪስታርት አድርጎት ይሆናላ።

ጋሽ_ኔጋቲቭ (ከሦስት ቀን በኋላ)
ልጄ፣ እናትህ ምን አሉ? እሱን ብቻ ንገረን።

አዲስ_ገቢ (ከሁለት ወር በኋላ)
ሰላም፣ እኔም ስክራች ዲስክ ሞልቷል ይለኛል፣ የሱቅ ባነር ነው፣ 4 ሜትር። መፍትሔ ያለው? አስቸኳይ ነው!!

ባነር_ቤት (ከሁለት ወር በኋላ)
ስንት ዲፒአይ ነው ያደረግከው?