የትንሣኤው ደስታ ከሰኞ እንዲያልፍ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል?

ወለተ ጽዮን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በተለይ ለአገልጋዮች ነው። ሕማማቱን እንዴት እንደምንይዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስግደቱም፣ ግብረ ሕማማት (የሳምንቱ የንባብ መጽሐፍ) መስማቱም፣ ማክፈሉም (እስከ ትንሣኤ ሌሊት ሳይበሉ መቆየቱም) የተለመደ ነው። ደስታው ግን ሌሊት ጧፍ ይዘን፣ ጠዋት ዶሮ በልተን ያልቃል። የምንኖረው ጀርመን ነው። ዘንድሮ የነሱ ፋሲካ ከኛ ሆሣዕና ጋር (መጋቢት 27) ስለሚውል፣ የኛ ስቅለትም ማዕዶትም (የፋሲካ ማግስት ሰኞ) የሥራ ቀን ነው። 6 እና 9 ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉን። ሌሊቱ ላይ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ አውቀን ብንቆም ደስ ይለናል። ከእሑድ በኋላስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ደግሞ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ውስጥ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ሰዎች አሉ፤ ልክ ናቸው?

ዲያቆን ዘሰሜን፦
እኅቴ፣ ሌሊቱን ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሪው። ቀዳም ሥዑር ጠዋት ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» እያሉ ቄጤማ ያድላሉ። የምሥራቹ መጀመሪያ እሱ ነው። ልጆቹ ቄጤማውን ራሳቸው ላይ ይሠሩ፤ የኖኅን ርግብና የለመለመውን ቅጠል በዚያው ንገሯቸው። ከዚያ ከሰዓት በኋላ አስተኟቸው። ሳይተኛ የመጣ ልጅ ዋናው ሰዓት ሲደርስ እናቱ ትከሻ ላይ ነው።

ሌሊት መጀመሪያ ንባቡና ማኅሌቱ ይረዝማል። የሚጠበቀው ምስባክ (ከወንጌል በፊት በዜማ የሚሰበከው የዳዊት መዝሙር) ከመዝሙር 77 ነው፦ «ወተንሥአ እግዚአብሔር ከመ ዘንቃሕ እምንዋም»፣ እግዚአብሔር ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ተነሣ። ዲያቆኑ ይሰብካል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ከዚያ ብርሃኑ ከካህናቱ ወደ ሕዝቡ ይተላለፋል፣ የምሥራቹ ይታወጃል፣ ዑደት ይደረጋል፣ ቅዳሴው ይቀጥላል። ወንጌሉ ዮሐንስ 20 ነው። ሰዓቱ እንደየደብሩ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ለጧፉ ሰዓት ደርሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቅዳሴ ሲገባ ይወጣል። ጧፉ የበዓሉ በር ነው፣ ማዕዱ ውስጥ ነው።

ልጆቹን አሁኑኑ አዋጁን አስጠኗቸው። የካህኑን ቃል መልሶ መድገም ሳይሆን መመለስ ነው፦

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! — በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።
አሠሮ ለሰይጣን! — አግዐዞ ለአዳም።
ሰላም! — እምይእዜሰ።
ኮነ! — ፍሥሐ ወሰላም።

በአማርኛም ንገሯቸው፦ በታላቅ ኃይልና ሥልጣን ተነሣ፣ ሰይጣንን አሠረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው፣ ከእንግዲህ ደስታና ሰላም ሆነ። በየቀኑ እራት ላይ አንዱ ካህን፣ ሌላው ሕዝብ ሆኖ ሁለት ጊዜ ቢመላለሱ የ6 ዓመቱም በሳምንት ይይዘዋል።

የጓዳዋ፦
ስለ ጧፍና ስለ ምግቡ ልጨምር። ጧፍ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ያዙ። ካርቶን በክብ ቆርጣችሁ መሐሉን በስታችሁ ጧፉን አሳልፉበት፣ ሰሙ እጅ ላይ አይንጠባጠብም። የነጠላውን ጫፍ ወደ ኋላ አጣፉት፤ በግፊያ መሐል መጀመሪያ የሚቃጠለው የፊተኛው ሰው ነጠላ ጥለት ነው። ለትንሹ ልጅ ባትሪ ሻማ ይበቃል፣ ማንም አይቀየምም። ሰም ነጠላ ላይ ቢፈስ እርጥብ ሳለ አትሹት። ይድረቅ፣ በማንኪያ ጀርባ ይፋቅ፣ ከላይና ከታች ነጭ ወረቀት ተደርጎ ለብ ባለ ካውያ ይተኮስ።

ዶሮውን በተመለከተ፣ ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውላችሁ ቅዳሜ ሽንኩርት ስትልጡ ከዋላችሁ ሌሊት ቆማችሁ ነው የምታንቀላፉት። ለአንድ ዶሮ ወደ 2 ኪሎ ሽንኩርት አድርጋችሁ ቁሌቱን ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ማታ ጨርሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ቅዳሜ ዶሮውን መጨመር ብቻ ይቀራል።

ደግሞ 55 ቀን ቅቤ ያልነካ፣ በዚያ ላይ ያከፈለ ሆድ በቅባት አይጀመርም፤ በዓሉን በሆድ ቁርጠት የሚያሳልፈው ብዙ ነው። ታምሶ የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጡ፣ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን በማር ጠጡ። ትንሽ ቆይታችሁ ጥቂት ቅመሱ፣ ዋናውን ከእንቅልፍ በኋላ ብሉ።

ዘኒቅያ፦
ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ልመልስ፣ አጭር ነው፦ ልክ አይደሉም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም፣ ስግደትም የለም። በእነዚህ ቀናት ቆሞ መጸለይን በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው ደንግጎታል። ለሐዘኑ ሥርዓት እንዳለው ሁሉ ለደስታውም ሥርዓት አለው። «እኔ በትሩፋት እጨምራለሁ» ብሎ መጾም ትሩፋት አይባልም። የንስሐ አባታችሁ የስግደት ቀኖና ሰጥተዋችሁ ከሆነ ወደ ሃምሳው ቀን እንዳይገባ አስቀድማችሁ ጠይቋቸው።

ከእሑድ በኋላ ላለው ቤተ ክርስቲያን ለየቀኑ ስም ሰጥታለች፤ ከነዚያ የተሻለ መርሐ ግብር አታገኙም። ንባቦቹ ለቤት እንዲመቹ እኔ ያዛመድኳቸው ናቸው፣ ግጻዌ (የቤተ ክርስቲያን የዕለት ንባብ ሥርዓት) አይደሉም። ሰኞ ማዕዶት፣ መሻገር ነውና ዘጸአት 14። ማክሰኞ ቶማስ፣ ዮሐንስ 20፥24-25፤ ጥርጣሬው ላይ ብቻ አቁሙ። ረቡዕ አልዓዛር፣ ዮሐንስ 11። አዳም ሐሙስ፣ ዘፍጥረት 3። ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐዋርያት ሥራ 20፥28። ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ ሉቃስ 24፥1-11። እሑድ ዳግም ትንሣኤ ሲሆን ማክሰኞ ያቆማችሁትን ከቁጥር 26 ቀጥሉ። ልጆቹ ቶማስ ምን ሆነ እያሉ አምስት ቀን ይጠብቃሉ።

አሥር ደቂቃ በቂ ነው፦ መብራት አጥፍቶ አንድ ጧፍ ማብራት፣ አዋጁን መመላለስ፣ ማንበብ፣ አባታችን ሆይ። ግማሽ ሰዓት ያደረገው ቤት ረቡዕ ላይ ይተወዋል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ማታ አድርጉት፤ ዘንድሮ ዕርገት ግንቦት 13፣ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 ነው።

እንግዳ 12፦
ይኼ ሁሉ ተደርጎም ውስጡ ደስታ የማይሰማው ሰውስ?

ዲያቆን ዘሰሜን፦
ወንድሜ፣ ዳዊት «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» ያለው በመዝሙር 50 ነው፣ በንስሐው ጸሎት። ደስታውን ለምኖ ነው ያገኘው። ስለዚህ ስሜቱን ከመፈተሽ በፊት ንስሐውን ፈትሽ። ብዙ ሰው ለመናዘዝ ሰሙነ ሕማማትን ይጠብቃል፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ «ይፍታሕ» (የካህኑ የኃጢአት ፍትሐት) አይባልም። ከዚያ ሳይቆርብ ይቀርና በሰው ደስታ ተመልካች ይሆናል። ኑዛዜህን ከሆሣዕና በፊት ጨርስ። ስሜቱ ቢዘገይም አዋጁን መልስ፤ አዳም ነጻ የወጣው ያንተ ልብ በሞቀበት ልክ አይደለም።

ወለተ ጽዮን፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ፦ በሃምሳው ቀን ለመቁረብስ ጾም ቀረ ማለት ነው? ደግሞ የምንገለገልበት የኪራይ አዳራሽ ነው፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለው።

ዘኒቅያ፦
አልቀረም። የቀረው የረቡዕና የዓርቡ ነው፤ ለቍርባን ከምግብና ከመጠጥ 18 ሰዓት መከልከሉ እንዳለ ነው። አዳራሹን በተመለከተ ሰበካ ጉባኤው ባለቤቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። ክፍት እሳት ካልተፈቀደ ጧፉን ለዑደቱ ውጭ ማብራት ይቻላል። የዓርብና የሰኞ የሥራ ፈቃድ፣ የልጆቹም የትምህርት ቤት ፈቃድ እንደዚሁ በጽሑፍ አሁኑኑ ይግባ፤ በዋዜማው የጠየቀ አያገኝም።