ጥቆማ፦ መመሪያው በደንብ የሚገባ የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ኩከር የትኛው ነው?

ጠያቂዋ፦
ለእናቴ የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ኩከር ልገዛላት አስቤአለሁ። እናቴ አዲስ ዕቃ ከመንካቷ በፊት መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር የምታነብ ሰው ስለሆነች፣ የምፈልገው ብዙ ቁልፍ ያለውን ሳይሆን መመሪያው በቅደም ተከተል የተጻፈውን ነው። እስካሁን ሁለት አይቻለሁ። የአንዱ መመሪያ ቀጭን ሲሆን ጽሑፍ የሌለው፣ በሥዕል ብቻ የተዘጋጀ ነው። የሌላኛው ወፍራም ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ሞዴሎች በአንድነት ስለታተመ «እንደ ሞዴሉ ሊለያይ ይችላል» የሚል ማሳሰቢያ በየገጹ አለበት። የተጠቀማችሁባቸው ካላችሁ የትኛው ይሻላል ትላላችሁ?

ማለዳ፦
እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት እኔን የገጠመኝን አንብቢ። የእኔ ዕቃ ሲመጣ የክዳኑ ጎማ ለብቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ በካርቶኑ ጥግ ተቀምጦ ነበር። መመሪያው ግን ስለ ጎማው የሚናገረው በጽዳት ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ «ካጠቡ በኋላ ጎማውን ወደ ቦታው ይመልሱ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ገና ያልተገጠመ ጎማ ወደ የት ይመለሳል? እንፋሎቱ በክዳኑ ዙሪያ እያፏጨ ወጣ፣ ውሃው አለቀ፣ ምግቡም አረረ። ለአምራቹ ብጽፍም ያገኘሁት መልስ «መመሪያውን ያንብቡ» የሚል ነበር፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ዝናቡ፦
በጎማው ጉዳይ ማለዳ እውነቷን ነው። ጎማው ከሲሊኮን ስለሚሠራ የምግብ ሽታ ይይዛል፤ ሲላላ ወይም ሲሰነጠቅ ደግሞ መቀየር አለበት። በእኔ መመሪያ ውስጥ ግን መለዋወጫው በየትኛው ቁጥር እንደሚታዘዝ የሚገልጽ አንድም መስመር የለም።

የወጥ ቤት ወዳጅ፦
በእኔ እምነት ከፕሬሸር ኩከር ይልቅ መመሪያው የሚያስቸግረው የእጅ ብሌንደር ነው። በብዙዎቹ እጀታ ላይ፣ ቮልቱና ዋቱ ከተጻፈበት ጎን፣ ሁለት የላቲን ፊደላት ከአንድ የደቂቃ ቁጥር ጋር ይታተማሉ፤ «ኬቢ 1» የሚለው ሞተሩ በአንድ ጊዜ ከ1 ደቂቃ በላይ መሥራት እንደሌለበትና ከዚያ በኋላ መቀዝቀዝ እንዳለበት የሚያመለክት ነው። መመሪያው ይህን ካላብራራ ተጠቃሚው የሚረዳው ሞተሩ መሽተት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ብሌንደር የምትገዙ ሁሉ ይህን ምልክት ፈልጉ።

የቆየ ደንበኛ፦
እኔ ለዓመታት ከአንድ አምራች በቀር ገዝቼ አላውቅም፤ ለእናትሽም የምመክረው ይህንኑ ነው። ዕቃዎቹ አይበላሹም። መመሪያቸውን ከፍቼ ማየት አስፈልጎኝ አያውቅም።

ቀጥተኛው፦
መመሪያውን ያልከፈተ ሰው ስለ መመሪያው እንዴት ይመሰክራል? የተጠየቀው የዕቃው ጥንካሬ አይደለም፤ ብሌንደርም አልተጠየቀም። እናትየዋ የሚያነቡት ነገር ይገባቸዋል ወይ ነው ጥያቄው፤ እስካሁን ለእሱ የመለሰ የለም።

የቆየ ደንበኛ፦
ዕቃው ጥሩ ከሆነ መመሪያው ትርፍ ነው። አቋሜ አይለወጥም።

አንባቢ፦
ወደ ጥያቄው ልመለስና፣ ከሁለቱ ወፍራሙን እመርጣለሁ። ሥዕል ክዳኑ ወደ የት እንደሚዞር በሚገባ ያሳያል፤ ሰዓት ቆጣሪው መቼ መቁጠር እንደሚጀምር ማስረዳት ግን ይከብደዋል። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ኩከሮች ቆጠራው የሚጀምረው ቁልፉ ሲነካ ሳይሆን ግፊቱ ሲሞላ ነው። ይህ ካልተጻፈ እናትሽ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይቀንስ ሲቆይ ዕቃው የተበላሸ ሊመስላቸው ይችላል። ሌላው የመሙያው ልክ ነው፤ ድስቱ በጠቅላላው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላም፣ አረፋ የሚያወጣና የሚያብጥ ምግብ ሲሆን ደግሞ ከግማሽ አያልፍም። ከዚህ በላይ ከሞላ ምግቡ የእንፋሎት መውጫውን ሊዘጋው ስለሚችል ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የአጠቃቀም መረጃ እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት የሚደነግግ 82079-1 የተባለ ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2019 ተሻሽሏል። እንግዲህ አምራቾች እንዴት መጻፍ እንዳለባቸው የሚያውቁበት መንገድ አላጡም።

ብዙ አምራቾች መመሪያዎቻቸውን በድረ ገጻቸው ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ የሞዴሉን ቁጥር ይዘሽ ከመግዛትሽ በፊት አውርደሽ ማንበብ ትችያለሽ። ከገዛሽ በኋላ ደግሞ ከድስቱ ሥር ወይም ጀርባ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አስተያይተሽ፣ የእናትሽን ሞዴል የማይመለከተውን ሁሉ በእርሳስ ሰርዢላቸው። ወፍራሙ መመሪያ ያን ጊዜ ይቀላል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ስለ ሰዓት ቆጣሪው የተነገረውን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ስለ ጎማው ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የራሱ መለዋወጫ ቢጠፋ የሌላ አምራች ጎማ ይሆናል?

ዝናቡ፦
ባትሞክሪው ይሻላል። ስፋቱ በዓይን ሲታይ እኩል ቢመስልም ውፍረቱ ትንሽ ከተለየ ክዳኑ አይቆለፍም፣ ቢቆለፍም እንፋሎት ሊያሳልፍ ይችላል። ለሞዴሉ የተሠራ ጎማ የሚገኝ መሆኑን ድስቱን ከመግዛትሽ በፊት አረጋግጪ።

ማለዳ፦
ጎማው ከክዳኑ ጋር ተገጥሞ መምጣቱንም ጠይቂ።