ተከራዬ ስልክ አያነሳም፣ እንዴት ላናግረው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። አዲስ አበባ ያለኝን ኮንዶሚኒየም አከራይቻለሁ። ተከራዬ ኪራዩን በወቅቱ ባንክ ያስገባል፣ በዚህ ቅር አይለኝም። ግን ስደውል አያነሳም፣ ቴሌግራም ላይ አይቶ ዝም ይላል። አሁን ከሻወር ቤቱ ውሃ እየሰረገ ከታች ያሉት እናት ጣሪያ ላይ ቢጫ እድፍ ወጥቷል፣ ቀለሙም እየተላጠ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በየቀኑ የሚደውሉት ለእኔ ነው። በደላላው ባስነግረው «ልቀቅ ተብለሃል» ብሎ አስደነገጠው! በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 መሰረት የ2 ዓመት ውል አስመዝግበናል፣ ላስወጣው ጭራሽ አላሰብኩም። ትርፍ ቁልፍ አለኝ፣ ግን ሳያስፈቅዱ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው። ቧንቧ ሰራተኛ ይዤ የምመጣበትን ቀን በጽሑፍ ላሳውቀው? ስንት ቀን ቀድሜ? ዝም ካለስ ሽማግሌ ልላክ ወይስ ወረዳ ልሂድ?