መፈንቅለ መንግሥቱን ያወገዙት ኩርዶች ለምን ተቀጡ?

የታሪክ መምህር፣ ፒያሳ፦
ትናንት ቡና ላይ ያልቋጨነውን ልቀጥል። ሐምሌ 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ በቱርክ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሳይውል ሳያድር ከሸፈ። ኩርዶች በብዛት የሚመርጡት ፓርቲ፣ ኤችዲፒ፣ ሙከራውን አወገዘ። ነሐሴ 1 ቀን ኢስታንቡል ላይ የአንድነት ሰልፍ ሲደረግ ግን ሌሎቹ የተቃዋሚ መሪዎች ተጋብዘው እርሱ ተተወ። ጥቅምት 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ መሪው ሰላሃቲን ደሚርታሽ ታሰረ። መንግሥት በግርግሩ የቆየ ሒሳብ አወራርዷል ባይ ነኝ።

የቀድሞ ወታደር፣ አዘዞ፦
መምህር፣ ቀኑን አይገልብጡት። ከኩርዱ ታጣቂ ቡድን፣ ከፒኬኬ፣ ጋር ውጊያው ያገረሸው በሐምሌ 2007 ነው። የምክር ቤት አባላቱ ያለመከሰስ መብት የተነሣውም በግንቦት 2008፣ ከሙከራው በፊት። በዚያች ሌሊት ፓርላማው በአየር ተደብድቧል፤ ወደ 250 ሰው ሞቷል። የትኛው መንግሥት ነው ከዚህ በኋላ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው? በእኛም አገር የግንቦት 1981ዱ ሙከራ ከሽፎ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሽነዋል።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ቀበሌ 18፦
ጋሼ፣ የተረሸኑት እኮ ሞካሪዎች ተብለው ነው። እኔ የምጠይቀው ስላልሞከረው ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ ከ11,000 በላይ መምህራን ከፒኬኬ ጋር ግንኙነት አላችሁ ተብለው ታገዱ፤ አብዛኞቹ በኩርድ አካባቢዎች የሚያስተምሩ ነበሩ። የስም መጥሪያ መዝገብ ያዘጋጀ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዛሮክ የሚባል የልጆች ጣቢያ እንኳ ለወራት ተዘጋ። ካርቱን በኩርድኛ ማሳየት ታንክ ከመንዳት ጋር ምን አገናኘው?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማራኪ፦
የውጭውን ዘነጋችሁት። ሙከራው ሲከሽፍ ስምንት የቱርክ ወታደሮች በሄሊኮፕተር ግሪክ ገቡ፤ የግሪክ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሳልፌ አልሰጥም አለ። አሜሪካ ቱርክ ሙከራውን ጠነሰሰ ብላ የከሰሰችውን ሰባኪ፣ ፈትሁላህ ጉለንን፣ አልሰጠችም። ሶማሊያ ግን የጉለን ትምህርት ቤቶችን ባለቤቶች በቀናት ውስጥ ውጡ አለች፤ አቅም የሌለው አገር እንዲህ ነው። ነሐሴ 18 ቀን ደግሞ የቱርክ ጦር ሶሪያ ገባ፤ ዳዒሽን (አይኤስን) ለመውጋት ተብሎ፣ የኩርድ ታጣቂዎችንም ከድንበሩ ለማራቅ። ገና አርባ ቀኑ ነበር።

የታሪክ መምህሩ፦
የአዘዞው ወንድሜ ቀኑን አስተካክለዋል፤ እቀበላለሁ። በሩ ቀድሞ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከሙከራው በኋላ የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በርግዶ ከፈተው። ከዚያ በኋላ የኩርድ ከተሞችን ከንቲባ አንሥቶ ባለአደራ ለመሾም አዋጅ በቂ ሆነ። አንድ ነገር ግን ያብራሩልኝ፦ በኩርድ አካባቢ ለሚካሄደው ውጊያ ኃላፊ የነበረው የ2ኛው ጦር አዛዥ፣ ጄኔራል አደም ሁዱቲ፣ ራሱ በመፈንቅለ መንግሥቱ ተጠርጥሮ ታሰረ። አዛዡም ታሰረ፣ የሚዋጋቸው ሰዎች የመረጡት ከንቲባም ታሰረ። ታዲያ የማን ጥፋት ነው የተቀጣው?

የቀድሞው ወታደር፦
በካርቱኑ ነገር አልሟገትም፤ እርሱ ነውር ነው። የጄኔራሉን ግን እዚህ ጽፌ አልጨርሰውም። ቅዳሜ ቡናው በእኔ ነው።