አባቴ ከኮሮና ድነው ቤት ገቡ፣ ግን «ልባቸው ተነክቷል» ተባልን። ምን ማለት ነው?

የቄራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ እርዱኝ። አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ደም ግፊት ስላለባቸው ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። ኮሮና ይዟቸው ሳንባቸው ተጎድቶ ኦክስጅን ላይ ሰነበቱ። አሁን ቤት ናቸው፣ ተመስገን። የመውጫ ወረቀታቸው ላይ ግን ትሮፖኒን ከፍ ብሎ ነበር፣ የልብ ጡንቻ ጉዳት ይላል። ሀርት አታክ ነበር ማለት ነው? ደረቴን አመመኝ ብለው አያውቁም እኮ። ሊጠይቅ የሚመጣው ዘመድ ደግሞ አንዱ ኢናላፕሪሉ ነው ያባባሰባቸው አቁሙት ይላል፣ ሌላው አስፕሪን ስጧቸው ይላል፣ እናቴ ግራ ገብቷት እንቅልፍ አጥታለች።

ሐኪም ነኝ (ውስጥ ደዌ)፦
እንኳን ለቤታቸው አበቃቸው ወንድሜ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል፣ ላብራቶሪ ያንን ይለካል። ስለዚህ ቁጥሩ ልብ መጎዳቱን ይነግረናል እንጂ በምን እንደተጎዳ አይነግረንም። ሀርት አታክ የሚባለው የልብ ደም ስር ሲዘጋ ነው፣ እሱ አንዱ ምክንያት ብቻ ነው። በኮሮና ታመው በሚተኙ ሰዎች ላይ ሌሎች ብዙ መንገዶች አሉ፦ ሳንባ ሲታመም ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ልብ ደግሞ በትኩሳቱ ምክንያት በፍጥነት እየመታ ከወትሮው የበለጠ ይፈልጋል፤ ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚነሳው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ልብንም ይነካል፤ ደም ሳንባ ውስጥ ከረጋ የቀኙ የልብ ክፍል ይጨነቃል። የልብ ጡንቻው ራሱ ሊቆጣም ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ የቻይናዋን ከተማ የዉሃንን ቁጥር አይታችሁ እንዳትደነግጡ። በ2020 መጀመሪያ እዚያ አንድ ሆስፒታል ከተኙ 416 ሕሙማን 82ቱ የልብ ጉዳት ነበራቸው፣ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ሞተዋል፤ ጉዳቱ ከሌለባቸው የሞቱት 4.5 በመቶ ብቻ ናቸው። ያስፈራል፣ አዎ። ግን ልባቸው የተጎዳው በዕድሜ የገፉት፣ ደም ግፊትና ሌላ ሕመም የነበረባቸው፣ በሽታው ራሱ የጠናባቸው ናቸው። ከፍ ያለ ትሮፖኒን «ይሄ ሰው በጣም ታሟል፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ተከታተሉት» የሚል ምልክት ነው። አባትህ ደግሞ ያንን ጊዜ አልፈዋል።

ኢናላፕሪሉን እንዳታቋርጡ! ይሄ ወሬ ከ2020 ጀምሮ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ብራዚል ውስጥ ኮሮና ይዟቸው የተኙ፣ የዚህ ዓይነት የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ 659 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ለ30 ቀን እንዲያቆም፣ ግማሹ እንዲቀጥል ተደረገ። ማቆሙ የጠቀመው ነገር የለም። ያለ ሐኪም የቆመ የግፊት መድኃኒት ግን ግፊቱን ያሻቅበዋል፣ ያኔ ልባቸውንም አንጎላቸውንም ለአደጋ ታጋልጣላችሁ። ደረቅ ሳል ካስቸገራቸው መድኃኒቱም ሊያመጣው ይችላል፣ ሐኪሙ በሌላ ይቀይርላቸዋል። አስፕሪንም ዘመድ የሚያዘው ነገር አይደለም፣ ጨጓራ ያደማል።

ነርስ ከለንደን፦
ዶክተር ጨርሶታል፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ለንደን በስድስት ሆስፒታሎች በኮሮና ተኝተው ትሮፖኒናቸው ከፍ ብሎ የነበሩ 148 ሰዎች ካገገሙ በኋላ ልባቸው በኤምአርአይ ታይቶ ነበር። ግማሽ ያህሉ ላይ ጠባሳ ወይም ሌላ የጉዳት ምልክት ተገኘ። ግን 89 በመቶው የልባቸው ዋና ክፍል ደም የመግፋት አቅሙ ደህና ነበር። እኔ ስሠራ ያየሁት ቤተሰብ «ልብ ተጎዳ» ሲባል አለቀለት ብሎ ነው የሚሰማው፣ እንደዚያ አይደለም። እናትህን በዚህ አጽናናት።

የቄራ ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ ለእናቴ አነበብኩላት። አባቴ ደግሞ እምቢ ብለው በእግራቸው ቤተክርስቲያን ልሂድ ይላሉ። ልከልክላቸው? ለየትኛው ምርመራስ ልውሰዳቸው?

ሐኪም ነኝ (ውስጥ ደዌ)፦
ኢሲጂና ኢኮ ይበቃል ለመጀመሪያ። ኢሲጂ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ ነው። ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው፣ ልባቸው እንዴት እየገፋ እንደሆነ በቀጥታ ያሳያል። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ኢኮው ላይ አጠራጣሪ ነገር ካለ ነው፣ ሁሉም ቦታም አይገኝም። የመውጫ ወረቀቱንና የድሮውን ኢሲጂ ካለ ይዘህ ሂድ፣ ማወዳደሩ በጣም ይረዳል።

እስከ ቀጠሮው ቤት ውስጥና ግቢው ውስጥ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ አልጋ ላይ መዋልም ደም ያረጋል። ዳገትና ሸክም ግን ይቆይ። የልብ ጡንቻ መቆጣት ነው ከተባለ ከባድ እንቅስቃሴ ለወራት ይከለከላል፣ ስለዚህ ቤተክርስቲያኑን ከኢኮው በኋላ እንነጋገርበት። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከጨመደዳቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ አንድ እግራቸው ለብቻው ካበጠ ወይም ልባቸው ያለ ምክንያት ከደለቀ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። ኢኮው ሲወጣ ውጤቱን እዚህ ጻፍልን።